የእሑድ ከሰዓቱ ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ስነካካ በወጣትነቴ እሑድ ከሰዓት ይታይ የነበረ አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ አገኘሁ። የጫነው ሰው ከርዕሱ ሥር «ሳቁ የወጣለት፣ የተስተካከለ» ብሎ ጽፎበታል። እኔ እንደ ልማዴ ከፊልሙ በፊት አስተያየቶቹን አነበብኩ። «እፎይ! ያን አናዳጅ ሳቅ ተገላገልነው» ይላል አንዱ። «መቼ እንደምስቅ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም» ትላለች ሌላዋ። ከላይ እስከ ታች ብወርድ የተቃወመ ሰው አጣሁ።

ከዚያ አንዱን ክፍል ከፈትኩት። ተዋናዩ ቀልዱን ይናገርና ይቆማል። ድሮ ከበስተጀርባ የሚለቀቅ የሰዎች ሳቅ ይሞላው የነበረው ቦታ ባዶ ሆኗል። ሰውየው አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ወሬውን ይቀጥላል። ቀኑ ጠራራ ነበር፤ የጋምቤላ የመጋቢት ሙቀት የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንጫጫው ይሰማኛል። እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝና ስልኩን ዘጋሁት።

ስለ ቴሌቪዥን ኮሜዲ አስተያየት መስጠት የቆየ አመሌ ነው። ሙያው የለኝም። ድራማ አልተማርኩም፣ መድረክ ላይ ወጥቼም አላውቅም። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ የተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ማረም የለመደ እጅ ቴሌቪዥኑንም ካላረመ ዕረፍት የለውም።

ጋምቤላ የመጣሁት ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ጭጋግና ጭቃ ነው ያሳደገኝ። እስከ ቡሬ ድረስ ሹራቤን እንደለበስኩ መጣሁ። ከቡሬ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ጭኑ ላይ መቆለል ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ በላብ መጠመቄን አይቶ «ገና ነው እህቴ፣ ይሄ በረንዳው ነው፤ ቤቱ ከፊት ነው» አለኝ። ከተማው ስንገባ የባሮ ውሃ ሽታና የሚጠበስ ዓሣ ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለኝ። በዚያች ሰዓት ዓመቱን እንደምንም ጨርሼ ዝውውር ልጠይቅ ወስኜ ነበር። ይኸው እስካሁን አለሁ።

ቤት የተከራየሁት ማማ አጁሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ማማ አጁሉ አኙዋክ ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። አማርኛ የለመደችው ገበያ ውስጥ ዓሣ ስትሸጥ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔም ግቢዋ ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ «አንተ ቲቸር» ሆኜ ቀረሁ። ባሏ የሞተባት ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። አንድ ልጅ ነበራት፣ ኦሞድ የሚባል። እኔ ስመጣ እሱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከሄደ ቆይቷል። በዓይኔ አይቼው፣ ድምፁንም ሰምቼ አላውቅም።

ኦሞድ አዲስ አበባ ሥራ ባገኘ ሰሞን ለእናቱ አንድ ቴሌቪዥን በጭነት መኪና ልኮላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእሱ የመጣ ነገር የለም። ሞባይል ገና በየሰው ኪስ አልገባም፤ እሷ ቴሌ ቢሮ በር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች የማይደወልላት ቢሆን ጊዜ መሄዱን ተወችው። ቴሌቪዥኑ ግን ነበር። ሌላ ሰው እንዲወለውለው አትፈቅድም፤ በየጠዋቱ በራሷ ነጠላ ነበር አቧራውን የምታነሳለት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦፒው ይመጣል። ኦፒው የማማ አጁሉ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኛው ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምር ነበር። ቴሌቪዥኑን ከነጠረጴዛው ያወጣና ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል። ሽቦውን በመስኮት እንጎትተዋለን፤ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እንዳያርፍ አንሶላ እንጋርድበታለን። ጎረቤቱ የየራሱን በርጩማ ይዞ ይመጣል። ለውዝ ይቆላል፣ እሸት በቆሎ ይጠበሳል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞራል። ከመጡት መካከል አማርኛው የማይገባቸው ብዙዎች ስለነበሩ ኦፒው አንድ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር በአኙዋክ ያስረዳቸዋል። ስለዚህ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ ይሳቅበታል፤ መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ፣ ቆይቶ ደግሞ እኛ ግቢ ያሉት።

ኮሜዲው የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። አንድ ኮትና አንድ መታወቂያ ተጋርተው አንዱን ሥራ በፈረቃ ይሠራሉ፤ አለቃቸው ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አንድ ሰው ይመስሉታል። ክፍሉ ሲያልቅ ማንም አይነሳም። «ቲቸር፣ በይ ፍረጂ» ይላል ኦፒው፤ እኔም ተነስቼ እፈርዳለሁ። ታናሽየው ወንድም ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ዝም ሲል የበለጠ ያስቃል። አለቃው ግን ያበዛዋል፣ ዓይነ ደካማ ሰው ግድግዳ ሲጋጭ አንድ ጊዜ ይበቃል። ደራሲው ደግሞ አንድ ቀልድ ከተወደደለት በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ አሙቆ ያቀርባል። ጎረቤቶቼ ከኮሜዲው ይልቅ የእኔን ንዴት ለመስማት እንደሚመጡ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ሳቁ ነበር። ዘግይቶ በሚደርሰን አንድ ጋዜጣ ላይ አንድ ሃያሲ ይህንኑ ሳቅ አወድሶ፣ ብቻውን ለሚያይ ተመልካች ጓደኛ ይሆነዋል ብሎ ጽፎ ነበር። አንድ እሑድ ጋዜጣውን እያውለበለብኩ «እኔ እንዲህ ያለ ጓደኛ አልፈልግም!» እያልኩ ነበር። «ምን አይተው ነው የሚስቁት? ማንስ ናቸው እነዚህ ሰዎች?»

ማማ አጁሉ ሁልጊዜ ለቴሌቪዥኑ ጎኗን ሰጥታ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ ለውዝ ትፈለፍል ነበር። ስክሪኑን አታየውም። ቀልዱንም ኦፒው ሲተረጉም አትሰማውም። ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ኦሞድ ነው።»

«ማን?»

«የሚስቀው። ሌላውን አላውቅም። አንዱ ኦሞድ ነው። አንተ አልሰማህም?»

ኦፒው ቶሎ ብሎ በአኙዋክ አንድ ነገር ተናገራት። እሷ ለውዟን መፈልፈል ቀጠለች።

በማግስቱ ኦፒው መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለብቻዬ ጎተተኝና ነገሩን ነገረኝ። ዲማ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር የነበረ አንድ የሚያውቁት ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ኦሞድ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ሞተ ሲባል ሰማሁ ብሎታል። ሰውየው ሬሳም መቃብርም አላየም፤ ያወራለትም ሰው ከሌላ ሰው የሰማ ነው። ዘመዶች ግን ነገሩ ደርሷቸው ለቅሶ ይቀመጥ እያሉ ነው። ማማ አጁሉ እንቢ ብላለች።

«ከሞተ ሳይለቀስለት መቅረቱ ለእሱ በደል ነው» አለኝ ኦፒው። «በሕይወት ካለ ደግሞ ለቆመ ሰው ማልቀስ ሞትን መጥራት ነው። እሷን ስለምናት ‹በየእሑዱ እየሳቀ እንዴት አለቅሳለሁ?› ትለኛለች። አሁን ምን ልበላት ቲቸር?»

«ሳቁ እኮ የተቀዳ ነው፣ አንድ ጊዜ ቀድተው ይለጥፉታል» አልኩት።

«ንገሪያታ!»

ነገርኳት። ቴፕ ምን እንደሆነ፣ ድምፅ እንዴት ተቆርጦ እንደሚቀጠል፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም አስረዳኋት። በትዕግስት ከሰማችኝ በኋላ «እሺ» አለች። «እሑድ ዝም ብለህ ስማ። አፍህን ዝጋ፣ ስማ።»

አፌን ዘጋሁ። ለእኔ ቀላል አልነበረም። እሑድ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሜዲውን ትቼ የሚስቁትን ሰዎች አዳመጥኩ። ስታዳምጡት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሁሉም በአንድ አፍ ይጀምራሉ፣ በአንድ አፍ ያቆማሉ። ከመካከላቸው ቀጭን የሴት ሳቅ አለች፣ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ከዚያ ታናሽየው ወንድም ኮቱን ገልብጦ ሲለብስ እሷ ያለችውን ሳቅ ሰማሁት። ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ከፍ ከፍ የሚል ሳቅ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከባሮ ውሃ ሥር ብቅ ያለ ዋናተኛ እንደሚስበው። ወደ ማማ አጁሉ ዞርኩ። ከንፈሮቿ ግጥም ብለዋል፤ በግንባሯ ብቻ «ሰማህ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰማሁት። ሁልጊዜም ሲመጣ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ኦፒውም መስማቱን ፊቱ ይናገራል፤ አፉ ግን አይናገርም። ሌሎቹ ጎረቤቶችም ቀስ በቀስ መስማት ጀመሩ መሰለኝ፣ በዚያ ቦታ ላይ ለውዝ ማኘክ ያቆማሉ። በአስተያየት ሰጪነቴ ግን አንድ ነገር ማስተዋሌ አልቀረም፤ ሳቁ ሌሎቹ በሚስቁበት ቦታ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። ወንድማማቾቹ ምሳ ፍለጋ የማያውቁት ሰው ለቅሶ ቤት ገብተው የተቀመጡበት ክፍል ነበር። እስከ ዛሬ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ፤ ደራሲው ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም ማለትን ያወቀበት ነውና። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቷል፣ ቀልድ የለም፣ ወሬ የለም። በዚያ ጸጥታ መካከል ያ ሳቅ ብቻውን መጣ። ወደ ላይ ወጣ ወጣ አለና ትንፋሹን ሳበ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

ግንቦት ላይ ደግሞ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ለእኛ ወሬ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ሳቁ እንደ ጀመረ ነው የሄደው። ደመናው ከደጋው በኩል ተቆልሎ፣ አየሩ ታፍኖ፣ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። ሳቁ ከፍ ከፍ አለ፤ ስክሪኑ ቀጭ ብሎ ጠቆረ። ሌሎቹ ጥቁሩን መስታወት፣ እኔ እሷን እያየን ሳለ ትንፋሹ መጣ። ያ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ። ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጠይቁኝና አላውቅም እላችኋለሁ። ከሆስፒታል የምትመጣ አንዲት ነርስ አማተበች። እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ «ድምፅ ማጉያው ውስጥ የቀረ ነው፣ ሳይበርድ ስለሆነ ነው» አልኩ። ለወትሮው መብራት ሲሄድ እስኪመጣ ድረስ እየተጨዋወትን እንቆይ ነበር፤ የዚያን ቀን ሰው ሁሉ በርጩማውን እያነሳ ወጣ። ማማ አጁሉ ብቻ ሰፌዷን ይዛ ተቀምጣ ቀረች።

የክረምት ኮርስ ለመማር አዲስ አበባ ልሄድ ስዘጋጅ ኦፒው መጣ። በኮሜዲው መጨረሻ ላይ «አስተያየታችሁን አድርሱን» የሚል ስልክ ያልፋል። «ያንን ደውዪ፣ ሂጂና እያቸው» አለኝ። «የሚስቁት የት እንዳሉ ጠይቂ። ኦሞድ አንድ ቀን እዚያ ገብቶ ስቆ እንደሆነ ይወቁልን። እህቴ ከአንቺ ሌላ ሰው አታምንም።» ማማ አጁሉም ስሰናበታት የደረቀ ዓሣ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ካገኘኸው ስጠው አለችኝ።

ስቱዲዮ ሲባል የጠበቅሁት ትልቅ ሕንፃ ነበር። ያገኘሁት ግድግዳው ላይ ምንጣፍ የተመታበት የኪራይ ቪላ ነው። ከጋምቤላ የመጣሁ ተመልካች መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ሻይ አስመጡልኝ፣ አስተያየትሽን ስጪን አሉኝ። አመሌ አይደል፣ አለቃውን ወቀስኩ፣ ደራሲውን ገሠጽኩ። ተሳሳቁ። ከዚያ «ሳቁ የማን ነው?» አልኳቸው።

ድምፅ የሚያቀናብረው ወጣት ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰደኝ። «ተከታታዩን ስንጀምር አዳራሽ ተከራይተን፣ ሰው ሰብስበን የቀዳነው ነው» አለኝ። «እስከ ዛሬ ያችኑ ነው እየቆረጥን የምንቀጥላት። ለምን ጠየቅሽኝ?»

የሰው ሳቅ ፍለጋ እንደመጣሁ ነገርኩት። ያሾፍብኛል ብዬ ነበር፤ አላሾፈም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ቅጂውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰማኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ባለ ቀጭን ሳቋን ሴት አገኘኋት፣ የሚያስለውን ሽማግሌ አገኘሁት። ከፍ ከፍ የሚለው የለም። ደግመን ሰማን፤ የለም።

«እንግዲያውስ የለቅሶ ቤቱን ክፍል ክፈትልኝ» አልኩት።

ከፈተው። ድንኳኑ መጣ፣ ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጸጥታው መጣ። ጸጥታው አለፈ። ምንም የለም።

«እዚህ ጋ የሚስቅ ሰው ነበር» አልኩት።

ወጣቱ ትንሽ አየኝ። «እዚህ ጋ ሳቅ አላስገባንም እህቴ» አለ። «ለቅሶ ቤት ነው፣ ነውር ነው ብለን ተውነው።»

ስወጣ ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን እዚያው መርሳቴ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ተመልሼ ለመውሰድ ግን አልደፈርኩም። የኦሞድንም ዱካ አልተውኩም፤ ኦፒው የነገረኝን ሠፈር ሄጄ አጠያየቅሁ። ያከራየችው ሴት ታሞ ሆስፒታል መሄዱን ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አታውቅም። ሆስፒታሉ ደግሞ ከስሙ ሌላ የምነግራቸው ነገር ስላልነበረኝ ሊረዳኝ አልቻለም።

መስከረም ላይ ተመለስኩ። ባሮ ሞልቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየተሸከመ ይወርድ ነበር። ኦፒው አውቶቡስ መናኸሪያ ጠበቀኝ፤ የሆነውን በሙሉ ነገርኩት። የግቢው በር ላይ ሲደርስ «አንቺው ንገሪያት» ብሎ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

ማማ አጁሉ መንገደኛ ሳይበላ ወሬ አትጠይቅም። እጄን አስታጠበችኝ፤ የበቆሎ ገንፎ በዓሣ ወጥ አቀረበችልኝ። የቀረበልኝን በላሁ። ሳህኑን ስታነሳ ፌስታሉን አየችው። የደረቀው ዓሣ እንዳለ ነበር።

«ኦሞድ እዚያ የለም» አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

«የለም ማማ። ሳቁም እነሱ ጋ የለም። ጭራሽ አልቀዱትም።»

እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተቀመጠች።

«እኛ ግን ሰማን።»

«ሰማን።»

«አንተም ሰማህ? ለእኔ ብለህ አይደለም?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ ማማ።»

ቀና ብላ ማንጎውን አየች፤ ጠረጴዛው የሚቆምበትን ሳይሆን እኛ በርጩማ ደርድረን የምንቀመጥበትን ቦታ ነበር የምታየው።

«ሳጥን ውስጥ ከሌለ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር። ቤቱ መጣ። በሕይወት ያለ ሰው በር ይገባል፣ ‹ማማ› ይላል። ኦሞድ ‹ማማ› አላለኝም። ሳቀ ብቻ።»

ኦፒውን በስሙ ጠርታ በአኙዋክ አጭር ነገር ተናገረችው። ግድግዳውን ተደግፎ ማልቀስ ሲጀምር ምን እንዳለችው ገባኝ። የለቅሶ ምንጣፎቹን አውጣ ነበር ያለችው።

ዘመድ በጀልባም በእግርም መጣ። ከበሮው ተመታ፣ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ዘመሩ። ማማ አጁሉ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችውን አለቀሰች። እኔም አይቼው ለማላውቅ ሰው፣ በሳቁ ብቻ ለማውቀው ሰው ምርር ብዬ አለቀስኩ። ቴሌቪዥኑ ቤት ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

ጥር ሲገባ፣ የሌሊቱ አየር ለሰው የሚመችበት ወቅት፣ ማማ አጁሉ ራሷ ኦፒውን ቴሌቪዥኑን አውጣው አለችው። ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ መጣ፤ ማንም አልተናገረም እንጂ ሁላችንም ያንን ሳቅ ነበር የምንጠብቀው። አልመጣም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች በአንድ አፍ ጀመሩ፣ በአንድ አፍ አቆሙ። ክፍሉ አልቆ ኦፒው ቴሌቪዥኑን አጠፋውና «ቲቸር፣ ፍረጂ» አለኝ።

ዝምታውን ለመስበር ይሁን ወይም እውነትም ተናድጄ፣ የዚያን ቀን አምርሬ ፈረድኩ። ደራሲው ለዓይነ ደካማው አለቃ ዓይነ ደካማ እጮኛ አምጥቶለት ነበር። «አንዱ ግድግዳ አልበቃ ብሎት አሁን ሁለቱ ሊጋጩበት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የኔ ተማሪ ቢሆን ወላጅ አምጣ እለው ነበር!»

ያኔ መጣ። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ያለ ሳቅ፤ ከዚያ ረጅሙ ትንፋሽ። ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። ጠፍቷል። ሳቁ ደገመ፤ ወደ ኋላችን ዞርን።

ማማ አጁሉ ነበረች። ሰፌዷ ወድቆ፣ ለውዙ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «አንተ ቲቸር!» አለች ትንፋሿን እየሳበች፣ «አንተ ስትናደድ! ኮሜዲ አንተ ነህ!»

ማንም አብሯት አልሳቀም። ኦፒው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የሷ ሳቅ ነው» አለኝ። «ልጁ ከሷ ነው የወሰደው። ኦሞድ ከሄደ ወዲህ ስቃ ስለማታውቅ እኔም ረስቼው ኖሯል።»

ይህን ታሪክ ያጫወትኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ «ታዲያ ያን ጊዜም የሳቀችው እሷ ነበረቻ!» ይሉኛል። እኔም እንደዚያ ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያ ሳቅ መሀል ሁልጊዜ ፊቷን አይ ነበር፤ ከንፈሯ ተገጥሞ ጥርሷ እንኳ አይታይም። ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ያለኝ ሴት ነኝ። ስለዚህኛው እስከ ዛሬ የረባ አስተያየት አላገኘሁም። ባለፈው ሳምንትም ከዚያ ቪዲዮ ሥር «ሳቁን ለምን አወጣችሁት?» ብዬ መጻፍ ጀምሬ መልሼ አጠፋሁት።

ማማ አጁሉ አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ገበያ መሄድ ከተወች ቆየች። እኔ አግብቼ ከግቢዋ ጎን ቤት ሠርቻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ግን ከእሷ ጋር ነኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የዘመኑን ኮሜዲዎች እተርክላታለሁ። ለታሪኩ ግድ የላትም፤ እኔ የምናደድበትን ትጠብቃለች። ስናደድ ትስቃለች፤ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያም ትንፋሹ። ሳቋ ሲጀምር እኔ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ በመካከላችን ቦታ እለቃለሁ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።